ሰብልዬ፣ ላብራቶሪው ከመከፈቱ በፊት ይህን አንብቢ

ሰብልዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። በይኝ፤ መብትሽ ነው። ይቅርታውን ግን አሁኑኑ ስጪኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የቤቱንም የጤናውንም ወሬ ሌላ ቀን በሰፊው እናወራዋለን። የአንደኛ ዓመት ምህንድስናን እንድታስተባብሪ፣ በዚያውም «የሴት ተማሪዎችን ቁጥር እንድታሻሽይ» ተመደብሽ ሲሉኝ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ገባኝ። በችሎታሽ ተጠራጥሬ አይደለም። በጀቱ ለባነር፣ ለቲሸርትና ለአንድ ቀን አነቃቂ ንግግር አልቆ፣ ሴቶቹ ልጆች ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ የማስታወሻ ያዥነት ዕጣ ደርሷቸው እንዳይቀሩ ነው የፈራሁት።

«ሴቶቹ ራሳቸው ፍላጎት የላቸውም» የሚል ሰው ከስብሰባው አይጠፋም። ለሱ የሚሆን መልስ ይኸውልሽ። አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚይዙት ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ በ2010 አካባቢ 18 በመቶ ላይ ተገኘ። በ25 ዓመት ውስጥ የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው የቤት ኮምፒውተር መምጣቱ ነው፤ የወንድ ልጅ መጫወቻ ተደርጎ ተሸጠ፣ ወንዶቹ ቤታቸው ነካክተውት መጡ፣ መምህሩም የነካካውን ተማሪ መነሻ አድርጎ ማስተማር ጀመረ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ኮድ መጻፍን ከቅበላ መመዘኛነት ሲያወርደውና ለጀማሪዎች የተለየ መግቢያ ሲከፍት፣ በ1995 ከአዲስ ገቢዎቹ 7 በመቶ ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 42 በመቶ ሆኑ። ሃርቪ መድ ኮሌጅም የመግቢያ ኮርሱን በልምድ ለሁለት ከፍሎ፣ ኮድ አይተው የማያውቁት ከማያውቁት ጋር እንዲጀምሩ አደረገ። በየጥያቄው እጁን እያወጣ ክፍሉን የሚያስጨንቀውን አዋቂ ተማሪ ደግሞ መምህሩ ለብቻው ጠርቶ «ካንተ ጋር መወያየት ደስ ይለኛል፤ ግን ቢሮዬ ና» ይለዋል። ሳይሰደብ፣ ሳይዋረድ ነገሩ ያልቃል። ይቺን ውሰጃት፤ ምንም ወጪ የላትም።

አሁን ላቡ ላይ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ተማሪዎቹን በቡድን አድርገሽ «ሥራውን ተካፈሉ» ብለሽ ከተውሻቸው፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ሽቦው ወደ ወንዱ፣ እስክሪብቶው ወደ ሴቷ ይሄዳል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፊዚክስ ላቦች ላይ ተሠርቶ በ2020 የወጣ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሚና ሳይመደብ ሲቀር ወንዶቹ መሣሪያውን፣ ሴቶቹ ላፕቶፑን ይዘው ተገኙ። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ልብ አይለውም፤ «ጽሑፏ ያምራል» ይባልና ያልፋል። በስድስተኛው ሳምንት ግን እሱ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ስድስት ጊዜ ጨብጧል፣ እሷ አንድም ጊዜ አልነካችም። ሁለቱም ሪፖርት ላይ እኩል ነጥብ ስላገኙ ጉዳቱ ከማርክ ዝርዝር ላይ አይታይም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ብቻዋን ስትቆም ነው የሚታየው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ደምድማለች።

ስለዚህ ድልድሉን ራስሽ አውጪው። 60 ተማሪ ኖሮሽ 12ቱ ሴቶች ቢሆኑ፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ እያልሽ እንዳትበትኛቸው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን በ1992 ባወጡት ሥራ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ያሉባቸው ቡድኖች የባሰ ችግር እንዳለባቸው አይተዋል፤ ልጅቷ ከሦስቱ ጎበዟ ሆና ሐሳቧ ትክክል በነበረበት ጊዜ እንኳ ወንዶቹ አልፈዋት ሄደዋል። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ አድርገሽ ስድስት ቡድን ሥሪ፤ የቀሩት 42 ወንዶች በ14 ቡድን ይግቡ። «ለምን ወንድ ብቻ ያለበት ቡድን በዛ?» የሚል ይመጣል። ይምጣ፤ እነሱ ምንም አይጎድልባቸውም።

ሚናው ሦስት ነው፦ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ የሙከራውን ሥዕል እያነበበ ይመራል፣ አንዱ ይመዘግባል። ከሁለቱ ሰዓት ለመግቢያና ለማጠቃለያ 30 ደቂቃ ብትቀንሺ 90 ይቀርሻል፤ በየ30 ደቂቃው ይቀያየሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሙከራውን እንዳለ ትቶ ሚናውን ብቻ ሲያዟዙር ነው። የመጀመሪያው ልጅ በ30 ደቂቃ ሰርኪዩቱን (የኤሌክትሪክ ዑደቱን) ገጥሞ ከጨረሰ፣ ለተከታዮቹ የሚቀረው ማየት ብቻ ነው። እንግዲህ ሙከራውን በሦስት ቁረጪው፤ እያንዳንዱ ክፍል ብሬድቦርዱ (ሰርኪዩት የሚገጠምበት ሰሌዳ) ባዶ ሆኖ እንደገና እንዲጀመር ይሁን። የሚመራው ሰው በአፉ ብቻ እንጂ በእጁ እንዳይነካም ሕግ ይሁን።

የላብ ረዳቶቹም አሉ። ተማሪዋ ስትቸገር ረዳቱ መጥቶ ሽቦውን ከእጇ ወስዶ በአሥር ሰከንድ ያስተካክልላታል። በጎ አድራጎት ይመስለዋል። (አንቺም ከዚህ አትድኚም እኮ! ሰው ሲቸገር አይተሽ እጅሽን መሰብሰብ መቼ ችለሽ ታውቂያለሽ?) ረዳቱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቁም፤ «እዚህ ነጥብ ላይ ስንት ቮልት አነበብሽ? ስንት ጠብቀሽ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን ይጠብቅ።

በአራተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ የአሥር ደቂቃ የብቻ ፈተና ስጪ። ከባድ አይሁን፦ 5 ቮልት፣ 220 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፤ ገጥሞ ማብራት፣ ከዚያ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) መለካት። ኤልኢዲው 2 ቮልት ገደማ ስለሚይዝ 13 ወይም 14 ሚሊአምፔር መነበብ አለበት። ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው። ኤልኢዲው ተገልብጦ ይሰካል፤ ከረንት ሲለካ ሜትሩ በመስመሩ መሐል እንደ መግባት ከምንጩ ጋር ጎን ለጎን ይያያዛል፤ በረጃጅሞቹ ብሬድቦርዶች ላይ ደግሞ የኃይል መስመሩ መሐል ላይ የተቋረጠ መሆኑን ተማሪው አያውቅም። ከሁሉም የምትከፋው ግን ይቺ ናት፦ ጠዋት የገባው ተማሪ ሜትሩን አለቦታው አያይዞ ፊውዙን ያቃጥላል፣ ለማንም ሳይናገር ይወጣል። ከሰዓት የምትገባዋ ልጅ ሁሉንም በትክክል ገጥማ ዜሮ ታነባለች። በራሱ የሚተማመን ተማሪ «ሜትሩ ተበላሽቷል» ይላል፤ ሳምንታቱን ሙሉ ማስታወሻ ስትይዝ የቆየች ተማሪ ራሷን ትወቅሳለች። ከየክፍለ ጊዜው በፊት እያንዳንዱን ሜትር ከረንቱ በሚታወቅ ሰርኪዩት አስሞክሪው፤ መለዋወጫ ፊውዝ ከነመፍቻው ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር።

ሌላው ብዙዎች የሚዘሉት የቅርጽ ጉዳይ ነው። አንድን ጠጣር ቅርጽ በሐሳብ አዙሮ ከሌላ ጎኑ ማየት ለምህንድስና ሥዕል፣ ለስታቲክስና ለዲዛይን መሠረት ነው፤ በዚህ ላይ በወንዶችና በሴቶች መካከል ልዩነት በተደጋጋሚ ይለካል። ልዩነቱ ግን በልምምድ ይጠብባል። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምህንድስና መምህርቷ ሼሪል ሶርቢ ከባልደረባዋ ጋር በ1993 የጀመረችው ኮርስ ይህን አሳይቷል። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተዘጋጀው የቅርጽ ማዞር ፈተና 30 ጥያቄ አለው፤ 18 እና ከዚያ በታች ያመጣ ተማሪ ኮርሱን ይወስዳል። ኮርሱን የወሰዱት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ በምህንድስና የመቆየታቸው ዕድል ከፍ አለ። የሚያስፈልገው እርስ በርሱ የሚሰካ የፕላስቲክ ኩብ፣ ነጠብጣብ ያለበት የአይሶሜትሪክ ወረቀትና እርሳስ ነው። ኩቡን ገጥመው ይዩት፣ ከአንዱ ጥግ ይሳሉት፣ ያዙሩት፣ እንደገና ይሳሉት። በኮምፒውተር ብቻ እናድርገው ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ ሥራውን የሚሠራው በእጅ መሣሉ ነው። «የሴቶች ማጠናከሪያ» የሚል ስምም እንዳትሰጪው። የሚለየው የፈተናው ነጥብ ብቻ ይሁን፤ ከወንዶቹም በዚያው ነጥብ የሚገቡ አይጠፉም። በፈቃደኝነት ካደረግሽው ደግሞ የሚመጡት የማያስፈልጋቸው ናቸው።

ስለ ግድግዳው ፖስተር ብዙ አልልሽም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳፕና ቼርያንና ባልደረቦቿ በ2009 ክፍሉን ከስታር ትሬክ (የጠፈር ፊልም) ፖስተርና ከቪዲዮ ጌም ዕቃ አጽድተው የተፈጥሮ ሥዕል ሲሰቅሉበት የሴቶቹ የኮምፒውተር ሳይንስ ፍላጎት ከፍ ብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን አስቢ፣ ከዚያ የሚሰቀለውን። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመችውን ማሪ ኩሪን ማክበር ተገቢ ነው፤ ግን ሰርኪዩቷ እምቢ ላላት የአንደኛ ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት የምትቀድማት ተማሪ ትበልጥባታለች። ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 150 የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ሴት ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ሴት አማካሪ ተማሪ የተመደበላቸው በሙሉ ዓመቱን በሙያው ውስጥ ጨርሰዋል፤ ወንድ አማካሪ ከነበራቸውም፣ ምንም ካልነበራቸውም የወጡ ነበሩ። የተገናኙት በወር አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ይህን ታደርጊዋለሽ።

የመጀመሪያው ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞንም ተጠንቀቂ። በብዙ ቦታ የሚታየው ሴቷ ቢ ይዛ ስትወጣ ወንዱ ሲ ይዞ መቀጠሉ ነው። ውጤቱን ስትለጥፊ የክፍሉን ስርጭት አብረሽ ለጥፊ፤ ቢ ላመጡት ሁሉ በየስማቸው አጭር መልእክት ይድረሳቸው፦ «በዚህ ውጤት የሚቀጥሉ ተማሪዎች ይመረቃሉ፤ ቀጣዩ ኮርስ ይኸኛው ነው»። የሚወጡትንም ከነነጥባቸው መዝግቢ፤ በዓመቱ መጨረሻ «አቅም አጥተው ነው» ሲባል የምታወጪው ወረቀት ያ ነው።

ረዳቶችን ስትመርጪ ስማቸውን ሸፍነሽ ማመልከቻውን አንብቢ። በ2012 በወጣ ጥናት 127 የሳይንስ መምህራን አንድ ዓይነት ማመልከቻ ተሰጥቷቸው፣ «ጆን» ለሚለው 30,238 ዶላር፣ «ጄኒፈር» ለሚለው 26,508 ዶላር ደመወዝ ሐሳብ አቀረቡ። ሴቶቹ መምህራንም ከወንዶቹ አልተለዩም። የነጥብ መስጫውን ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጻፉት፤ ጥያቄው ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ሁላችሁም ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ አስፍሩ።

አሁን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ የቆየሁበት ነገር አለ። እንዳትቆጪኝ። ይህን ሥራ የሰጡሽ ትችይዋለሽ ብለው ነው፤ ያም ሆኖ ሴት ስለሆንሽም ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ በ2017 ያወጡት ጥናት፣ ለዕድገት የማይቆጠር ሥራ ሲመጣ ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶቹ ይበልጥ እንደሚጠየቁ፣ ይበልጥም እሺ እንደሚሉ ያሳያል። ወንድ ብቻ ባለበት ቡድን ግን ወንዶቹ ራሳቸው ያነሱታል። ልታጠቢው የተመደብሽበት የወንድና የሴት ክፍተት በሥራ ቦታ የሚሰፋው እንግዲህ አንዱ በዚህ መንገድ ነው፤ አንቺ ድልድል ስትሠሪ ባልደረባሽ ጥናቱን ያሳትማል። ሳልነግርሽ ብቀር አዝን ነበር። አንድ ኮርስ ይቀነስልኝ ብለሽ ጠይቂ፤ በቃል እሺ ካሉሽ ደብዳቤ አስጽፊ፤ ማስተባበሩ በዕድገት ግምገማ ስንት ነጥብ እንደሚይዝም ደብዳቤው ላይ ይግባ። ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ነው የሚሰጡሽ፤ ከጀመርሽ በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

የቡድን ድልድሉን ረቂቅ ሳትለጥፊ በፊት ላኪልኝ፤ ሙከራዎቹን ለሦስት ለመቁረጥ አብሬሽ እቀመጣለሁ። የሦስተኛው ሳምንት ሙከራ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ) ያለበት ከሆነ እሱ ለመቁረጥ ያስቸግራል፤ ከሱ እንጀምር።

ያንቺዋ፣
ማርቲ