ክረምት ሳይገባ መደረግ ያለበት ጥገና

የተከበራችሁ አባላት፤

ባለ ስምንት ጎማዎቹን የየብስና የውኃ ተሽከርካሪዎች ከአሁኑ እናዘጋጅ። ዋናው ጉዳይ አክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ ነው። የጣና እምቦጭ ሥር አክስሉ ላይ ይጠመጠምና ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለውን የላስቲክ ቀለበት ይበላዋል፤ ውኃ ሲገባ ግራሶው ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ከሐይቁ በወጣችሁ ቁጥር ሥሩን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ውኃ የሚቋቋም ግራሶም አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ሙሉ። እባካችሁ፣ ያንን ቦታ በግፊት ውኃ አትጠቡት።

ጎማዎቹን የሚያዞረው ሰንሰለት ከላላ ጥርስ ይዘላል፤ ተሽከርካሪው የሚታጠፈው የአንዱን ወገን ጎማዎች በፍሬን በመያዝ ስለሆነ ጫናው ሁሉ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። የዋልካ ጭቃ ከደረቀበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት።

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላችሁ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል። ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ቀይሩ። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ግን የቀድሞውን መልሱ፤ አለዚያ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ለዕቃ መጫኛ ብላችሁ የተሽከርካሪውን ቀፎ (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን አካል) ከውኃው መስመር በታች አትብሱ። ወደ ውኃ ከመግባታችሁ በፊት የማፍሰሻ ክዳኖቹን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፤ የውኃ መምጠጫውን ፓምፕም በአንድ ባልዲ ውኃ ፈትኑት።