ቀለም የሚያወጣው ገመና፦ የሞዴል መኪና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሞዴል መኪና ክበብ ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት። ሁለት ሁለት ሆነው 7 ሞዴሎች ጀመሩ። አምስቱ ተጠናቀው በቤተ መጻሕፍቱ የመስታወት መደርደሪያ ውስጥ ይታያሉ። አንዱ የመጨረሻውን አንጸባራቂ ሽፋን ይጠብቃል፤ አንዱ ደግሞ ቀለሙ ተነስቶለት ከባዶ ፕላስቲክ እንደገና ተጀምሯል። ክበቡን ለመቀላቀል የሚያስብ ተማሪ ከተጠናቀቁት አምስቱ ይልቅ ከዚህ ከሰባተኛው ብዙ ይማራልና ስለ እርሱ ወደ ኋላ ላይ በዝርዝር እንጽፋለን።

የሠራነው በ1/24 መጠን ነው፤ በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሚሊ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 4.08 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የድሮው ቮልስዋገን ቢትል በዚህ መጠን 17 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በ1/43 ግን 9.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለጀማሪ እጅ 17 ሴንቲ ሜትሩ ይሻላል፤ ስፖኪዮው በወረንጦ ይያዛል፣ ክሩስኮቱ በቀጭን ብሩሽ ይደረስበታል። ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚን የመሳሰሉ የጃፓን አምራቾች በብዛት የሚያወጡት 1/24 ሲሆን የአሜሪካው ኤኤምቲ ደግሞ በ1/25 ይታወቃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸውን ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ የአንዱን መስታወት ወይም ፓራውልት ለሌላው ልግጠም ሲባል ግን ወዲያው ይታወቃል።

አባላቱ በመጀመሪያው ሳምንት የሠሩት አንድ ስሌት የዓመቱን አካሄድ ወሰነ። በሞዴሉ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር እንደ መቀባት ነው። እውነተኛ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ ጠቅላላ ውፍረት ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሞዴል የሚቀባ ሰው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ከልኩ በላይ አወፍሮ ይቀባል። ያ ውፍረት የበሩን መስመርና የኮፋኖውን ጠርዝ ይደፍናል፤ ጭረትን፣ ፕላስቲኩ የተቀረጸበት ቅርጽ ማውጫ የተወውን መስመርንና የጣት አሻራን ግን አይሸሽግም። እንዲያውም አንጸባራቂ ቀለም ብርሃን ስለሚመልስ ያለውን ጉድለት ሁሉ አጉልቶ ያወጣዋል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አንድም የቀለም ቆርቆሮ ሳይከፈት ያለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለ ቀለም ያለፉት ወራት

የሞዴሉ ክፍሎች የመጡበት ሳጥን ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ ነው። ክፍሎቹ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቁ የሚረዳ ቅባት ላያቸው ላይ ሊቀር ይችላል፤ ቀለም በቅባት ላይ አይይዝም። ክፍሎቹ የተያያዙበትን የፕላስቲክ ፍሬም እንዳለ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ አጥበን፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን፣ ሳንወለውል በአየር እናደርቃለን። የክፍሎቹ ቁጥር የተጻፈው ፍሬሙ ላይ ስለሆነ ሁሉንም በአንዴ ቆርጦ መዘርገፍ አይገባም።

እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከክፍሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ቀጥሎ ተጠግቶ፤ የቀረችው ጉብታ በ400 ቁጥር፣ ከዚያ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ትለሰልሳለች (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል)። በአንድ ጊዜ ተጠግቶ መቁረጥ ፕላስቲኩን ያስጨንቀዋል፤ ቦታው ይነጣል ወይም ከክፍሉ ቁራጭ ተነቅሎ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓድ መሙላት ጉብታ ከማንሳት አሥር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ከቦዲው ጋር የዋልነው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። የመኪና ቦዲ ከብዙ አቅጣጫ በሚገጥም ቅርጽ ማውጫ ስለሚሠራ፣ ቁርጥራጮቹ በተገናኙበት ሁሉ ቀጭን መስመር ይቀራል፤ በፓራፋንጎው ጀርባ፣ በጣሪያው ምሰሶዎችና በፓራውልቱ ማዕዘኖች ላይ ይገኛል። በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ቦዲውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብሎ ሲያዩት ብቅ ይላል፤ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ሽፋን) በስሱ ሲነፋበት ደግሞ ጨርሶ መደበቂያ የለውም። የሚነሳው የምላጩን ጀርባ ቀጥ አድርጎ ይዞ በመፋቅ፣ ከዚያም በ600 እና በ1000 ቁጥር ወረቀት ውሃ እያስነኩ በመፈግፈግ ነው። ጣት ብቻውን ወረቀቱን ከያዘ ቦታው ይጎደጉዳል፤ ወረቀቱን ላጲስ ላይ ጠቅልሎ መያዝ ሜዳውን ሜዳ አድርጎ ያቆየዋል።

ወፍራም ፕላስቲክ ባለበት ቦታ ተቃራኒው ገጽ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እዚህ ስቱኮ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተሞላ ውስጡ ያለው ማሟሟቻ ሲተን ስቱኮው ይሸሻል፤ ዛሬ ሜዳ የነበረው ከሳምንት በኋላ ቀለም ሥር ጎድጎድ ብሎ ይገኛል። በስሱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ 24 ሰዓት እየሰጡ መሙላት ነው።

የበሮችና የኮፋኖ መስመሮች ቀለም እንዳይደፍናቸው አስቀድመው ይጠልቃሉ። የምላጩ ጀርባ በመስመሩ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ በቀላል እጅ ይሳባል፤ ተጭኖ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የሞከረ እጅ መስመሩን ስቶ በበሩ ላይ ይሄዳል። ይህ በሁለት ሞዴሎች ላይ ደርሷል። ጭረቱን በፈጣን ሙጫ ሞልተን ሳይውል ሳያድር ፈገፈግነው፤ ካደረ ሙጫው ከዙሪያው ፕላስቲክ ይበልጥ ይጠነክርና ወረቀቱ ፕላስቲኩን እየበላ ሙጫውን ጉብ አድርጎ ይተወዋል።

ስለ ማጣበቂያ ባጭሩ። ቀጭኑ የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን ገጾች አቅልጦ አንድ ያደርጋል፤ ክፍሎቹን አገጣጥሞ በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን መንካት ይበቃል፣ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። በዚያ ቅጽበት ጣት መጋጠሚያው ላይ ካለ ሙጫው ወደ ጣቱ ሥር ይሳብና አሻራው ቀልጦ ይታተማል። ፈጣን ሙጫ ለመስታወት አይሆንም፤ ትነቱ ጥርት ባለው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። ለመስታወትና ለመብራት ሲደርቅ የሚጠራው ነጩ የእንጨት ኮላ ተመራጭ ነው። ክሮም በተቀባ ክፍል ላይ የፕላስቲክ ሙጫ አይሠራም፤ የሚጣበቀው ቦታ ክሮሙ ተፍቆ ፕላስቲኩ መውጣት አለበት።

ቦዲው፣ የውስጥ ክፍሉ፣ ሻንሲውና መስታወቱ ከቀለም በፊት ያለ ሙጫ፣ በቀለም ፕላስተር ብቻ ተይዘው ይገጠማሉ። ይህን የዘለሉት አንድ ጥንድ አባላት ቀለሙ ካለቀ በኋላ ቦዲው በውስጥ ክፍሉ ላይ አልገባ አላቸው፤ ጎኖቹን ወደ ውጭ ሲገፉ ከመስኮቱ ማዕዘን ቀለሙ ተሰነጠቀ። ሞዴሉ ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ስንጥቁም በስተግራ ለሚያየው አሁንም አለ።

ቀለም

የምንቀባው የአየር ማስወጫ ባለበት ክፍል፣ መምህር ባለበት፣ ጓንትና የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭንብል አድርገን ነው። የጨርቅም ሆነ የወረቀት ጭንብል አቧራን እንጂ የቲነርን ትነት አያስቀርም። በዚህ ላይ ክበቡ ድርድር አያውቅም፤ ጭንብል የሌለው አባል የዚያን ቀን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይውላል።

በጣሳ የሚረጨውን ቀለም 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ እናቆየዋለን። ግፊቱ ከፍ ስለሚል ጠብታዎቹ ይደቃሉ። እሳትም ሆነ የፈላ ውሃ ጣሳውን ያፈነዳዋል፤ ፈጽሞ አይሞከርም። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። መርጨት የሚጀመረው ከቦዲው ውጭ፣ የሚቆመውም ከቦዲው ውጭ ነው፤ ጣሳው ሲከፈትና ሲዘጋ ትልልቅ ጠብታ ይተፋልና። በኤርብረሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ለሠሩት ሁለት ጥንዶች 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ፣ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት፣ ወተት እስኪመስል የቀጠነ ቀለም፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጥሩ ውጤት ሰጥቷል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ጤዛ ያህል ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ፕራይመር ይታያል፣ መታየትም አለበት። በየመሃሉ 15 ደቂቃ ገደማ ይሰጣል። ቀጣዩን ቀለም የሚይዙት እነርሱ ናቸው። የመጨረሻው ዙር ብቻ እርጥብ ሆኖ፣ ገጹ እንደ ውሃ እስኪያበራ ድረስ ይረጫል። እርጥቡ ዙር ከጤዛው ከቀደመ ቀለሙ ከጠርዝ ይሸሻል፣ ከበሩ ሥርም ይንጠባጠባል።

የተበላሹት ቀለሞች ሁሉ መንስኤያቸው ተለይቶ በክበቡ መዝገብ ተጽፏል። ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ጠብታዎቹ ቦዲው ላይ ሳይደርሱ በአየር ላይ መድረቅ ጀምረዋል፤ ርቀቱ በዝቷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል። ክብ ክብ ዓይን የሚያወጣው ቅባት ወይም ሲሊኮን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ ስለተነካ ነው። ወተት የመሰለ ንጣት የሚመጣው በእርጥበታማ ቀን ነው። ማሟሟቻው በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ በአየር ያለው እርጥበትም ትኩሱ ቀለም ላይ ያርፋል። በዝናቡ ሳምንት ሁለት ቦዲዎች እንዲህ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የእርጥበት መለኪያው ከ60 በመቶ በላይ ሲያሳይ አንረጭም፤ ያን ቀን የጎማና የመቀመጫ ሥራ ይሠራል።

ስለ ሰባተኛው ሞዴል። ኪቱ፣ ማለትም በሳጥኑ የመጡት ክፍሎች፣ የተሠራው ከቀይ ፕላስቲክ ነው፤ አባላቱ የመረጡት ነጭ ቀለም ነበር። ዝግጅቱ እንከን አልነበረውም፣ ፕራይመሩም በሚገባ ተረጭቷል። በሦስተኛው ቀን ግን ነጩ ሮዝ ሆኖ ተገኘ። የቀዩ ፕላስቲክ ማቅለሚያ በላከር (ቶሎ የሚደርቅ፣ ኃይለኛ ማሟሟቻ ያለው ቀለም) ማሟሟቻ ውስጥ ይሟሟል፤ ቀለሙ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር በፕራይመሩ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ነጭ መደረብ አይፈውሰውም፤ እያንዳንዱ አዲስ ዙር አዲስ ማሟሟቻ ስለሚያመጣ ሮዝነቱን ያድሰዋል። መድኃኒቱ በፕራይመሩና በነጩ መካከል አንድ ዙር የብር ቀለም መርጨት ነው። በውስጡ ያሉት ጠፍጣፋ የብረት ቅንጣቶች እንደ ቅርፊት ተደራርበው መንገዱን ይዘጋሉ። ቦዲውን አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ አሳድረን ቀለሙን በጥርስ ብሩሽ አነሳን። አሴቶንም ሆነ የላከር ቲነር ለዚህ አይታሰብም፤ ቀለሙን ከነፕላስቲኩ ያቀልጣል። ሁለቱ አባላት ሳያጉረመርሙ ከ600 ቁጥር ወረቀት እንደገና መጀመራቸው የዘንድሮው ትልቁ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በላከር ላይ ኢናሜል (ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ማሟሟቻው ለስለስ ያለ ቀለም) ይቀባል፤ በኢናሜል ላይ ላከር ከተረጨ ግን ሥሩ ይነሳና ይጨማደዳል። ይህን ቅደም ተከተል በክፍሉ በር ላይ ለጥፈነዋል።

ከቀለም በኋላ

ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ስስ የታተመ ምልክት) የሚለጠፈው በአንጸባራቂ ገጽ ላይ ነው። ደብዛዛ ገጽ ጥቃቅን ጉድጓድ ስላለው አየር ከሥሩ ይቀርና እንደ ብር ያብለጨልጫል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነክሮ ማውጣት፣ ከወረቀቱ ራሱ እስኪንሸራተት መጠበቅ፣ በርጥብ ብሩሽ አስተካክሎ ውሃውን ከመሃል ወደ ጠርዝ በጥጥ መጭመቅ ነው። ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ አንጸባራቂው ሽፋን ይረጫል፤ እርሱም በጤዛ ይጀመራል። እርጥቡ ከቀደመ ማሟሟቻው ዲካሉን ይሰነጣጥቀዋል።

ሽፋኑ ደረቀ የሚባለው ሲነካ ስላልተጣበቀ አይደለም። የተቀመጠበት ሳጥን ሲከፈት የቲነር ሽታ ካለ ማሟሟቻው ገና እየወጣ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ሰጥተን በ2000፣ ከዚያ በ3000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ፈገፈግን፤ በመጨረሻም ከሻካራው ወደ ለስላሳው ሦስት ዓይነት ፖሊሽ ተጠቀምን። ቀለሙ የሚሳሳው በጠርዝ ላይ ነውና የበር መስመሮችንና የፓራፋንጎ ጫፎችን በቀጭን ፕላስተር ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል። ፕላስተር ባልተደረገበት አንድ ኮፋኖ ጠርዝ ላይ ፕራይመሩ ብቅ ብሏል።

የመስኮቱ ዙሪያ ክሮም ከብሩሽ ይልቅ በስስ ተለጣፊ የአልሙኒየም ፎይል ያምራል። በጥጥ እንጨት ታሽቶ ወደ መስመሩ ይገባል፣ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል። ያገለገለ ምላጭ ፎይሉን ይጎትታል፤ ስለዚህ ለአንድ መኪና ሁለት አዲስ ምላጭ እንመድባለን።

አራቱም ጎማዎች መሬት መንካታቸውን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠን አረጋገጥን። አንዱ ከተንሳፈፈ የቸርኬው ዘንግ ሙጫ ሳይደርቅ ማስተካከል ይቻላል፤ ከደረቀ ሻንሲው ይጣመማል። የአዲስ ጎማ ገጽ ከመጠን በላይ ያብረቀርቃል፤ መሬት የሚነካው ወገኑ በ400 ቁጥር ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞር የተነዳ ጎማ ይመስላል።

መደርደሪያው ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል ተደርጓል። በአንዳንድ ኪቶች ያለው ለስላሳ የቪኒል ጎማ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ስለዚህ ከጎማና ከቸርኬ መካከል ስስ የፎይል ቀለበት ገብቷል። የክበቡ መዝገብ ከመደርደሪያው ሥር በመሳቢያው ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዙር ቀለም ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና የቀለሙ ዓይነት ተጽፎበታል። የሰባተኛው ሞዴል የመጨረሻ መስመር «ብር፣ አንድ ዙር፣ 24 ዲግሪ፣ 48 በመቶ» ይላል። ነጩ የሚረጨው ትምህርት ቤት ሲከፈት በመጀመሪያው ደረቅ ቀን ነው።