የፊዚክስ ክበብ፦ ከሲዲ እስከ ማግኔት

በጥቅምት የመጀመሪያ ስብሰባችን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀችው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አብሮን ከረመ። ስለ ኳንተም ቁሶች፣ ማለትም ልዩ ጠባያቸው ከኤሌክትሮኖቻቸው የጋራ ባሕርይ ስለሚመጣ ቁሶች፣ እያወራን ሳለ «ኤክስሬይ አጥንት ያሳያል፤ የማግኔትን ነገር ግን እንዴት ያሳያል?» አለች። መልሱን በቃል ከመንገር ተማሪዎቹ በእጃቸው ሠርተው እንዲደርሱበት መረጥሁ።

ቤተ ሙከራችን የኤክስሬይ መሣሪያ የለውም። ቀይ ሌዘርና አሮጌ ሲዲ ግን ነበረን። የሲዲውን ብርማ ሽፋን በፕላስተር ልጠን ካስለቀቅን በኋላ ከግድግዳ 1 ሜትር ርቀት ላይ አቁመን ብርሃኑን አሳለፍንበት። ከመካከለኛው ነጥብ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥቦች ወጡ፤ አንዱ በ43፣ ሌላው በ50 ሴንቲ ሜትር። ልጆቹ ማስመሪያውን ጠረጠሩ፣ ደግመው ለኩ፣ ተከራከሩ። ጥፋቱ የሲዲው መዝመም ነበር። ቀጥ ሲያደርጉት በሁለቱም ወገን 44 ሆነ። ከዚያ ቁጥርና ከሌዘሩ 650 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ተነሥተው በሲዲው ላይ ያሉት ብርሃኑን የሚበትኑት መስመሮች በ1.6 ማይክሮ ሜትር እንደሚራራቁ አሰሉ። በዓይን የማይታይ ርቀት በማስመሪያ ሲለካ የፊታቸውን ደስታ ማየት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ክፍያ ነው።

የአተሞች ርቀት ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። የኤክስሬይ ሞገድ ግን ከዚያ ርቀት ጋር ይመጣጠናል። ይህን የጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ የማክስ ፎን ላውኤ ቡድን በ1912 እ.ኤ.አ. በሙኒክ አሳየ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ብራግ አባትና ልጅ በዚሁ መንገድ በክሪስታሎች ውስጥ የአተሞችን አቀማመጥ አንብበው በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ልጁ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ስፒናቸውም፣ ማለትም እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ፣ ይበትነዋል፤ ነገር ግን እጅግ በደካማው።

ማግኔቱን ለማስረዳት ልጆቹን ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሜዳ እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ ስፒን ቆጥሬ በአንድ መስመር አሰለፍሁ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ ድግግሞሹ፣ ማለትም ሰልፉ ራሱን የሚደግምበት ርቀት፣ በአንድ ሰው ልክ ነው። አንዱ ወደ ሐይቁ፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ ሲዞር ድግግሞሹ በሁለት ሰው ልክ ይሆናል። ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ኤክስሬይ በሚፈጥራቸው በፊተኞቹ ነጥቦች መካከል አዲስ ነጥብ ይወለዳል። በ1972 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ተመራማሪዎቹ ደ ቤርዠቫንና ብሩኔል በኒኬል ኦክሳይድ ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ያውም በተራ የኤክስሬይ ቱቦ። ኒኬል ኦክሳይድ ስፒኖቹ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ከውጭ ሲታይ ማግኔት አይመስልም።

ደካማውን ምልክት ማጉላት ደግሞ የዠዋዥዌ ጥበብ ነው። በሁለት ወንበሮች መካከል ገመድ ወጥረን አራት ድንጋዮች በክር አንጠለጠልን፤ የሁለቱ ክር እኩል፣ የቀሩት አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። አንደኛውን ስንወዘውዘው እኩያው ቀስ በቀስ ተነሣ፤ ሌሎቹ ትንሽ ነቅነቅ ብለው ቀሩ። የኤክስሬዩን ጉልበት እንዲሁ ከአንድ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮኖች ጋር ሲያስማሙት፣ ለምሳሌ ለመዳብ 930 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ የዚያ ንጥረ ነገር ምላሽ ብቻ ይጎላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የተገኙት የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች፣ ማለትም ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፉ ቁሶች፣ ምሥጢር ዛሬ በዚህ መንገድ ይመረመራል። ጉልበቱን እንደ ልብ ለመምረጥ ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ትልቅ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። የግሬኖብሉ ቀለበት ዙሪያው 844 ሜትር ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በዮርዳኖስ የተመረቀው ሴሳሚ 133 ሜትር። ሁለተኛውን ልጆቹ በእርምጃ ለክተው ግቢያችን ውስጥ እንደሚገባ ሲያውቁ ተያዩ።

በሰኔ የወላጆች ቀን ድንጋዮቹን ለእንግዶች ያስረዳችው ያችው ጠያቂያችን ነበረች። አንድ አባት «ብርሃኑ ሲወጣ ጉልበቱ ቢጎድልስ?» ብለው ጠየቋት። ጥቂት አሰበችና «የጎደለው ውስጥ ቀርቷል፤ ስፒኖቹን አወዛውዟል ማለት ነው» አለቻቸው። ተመራማሪዎቹም የገባውንና የወጣውን ጉልበት አቀናንሰው የስፒኖቹን ሞገድ የሚለኩት እንዲሁ ነው። በመስከረም የድንጋዮቹን ቁጥር ወደ አሥር አሳድገን፣ በላስቲክ አያይዘን ያን ሞገድ እንሠራለን። ክሩ ተገዝቷል፤ ስብሰባው እንደ ወትሮው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው።