ዣቢ አሎንሶ ሌቨርኩሰን ከመድረሱ በፊት የነበሩት አራት ዓመታት

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ስለ ስፔናዊው አሰልጣኝ ዣቢ አሎንሶ ሲጻፍም ሲወራም «ድሮም ሜዳ ላይ አሰልጣኝ ነበር» የሚል አባባል አይጠፋም። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ የሚናገረው ግን የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ስለሚዘለል ጫማውን የሰቀለ ዝነኛ ተጫዋች ሁሉ በማግስቱ ዋና ቡድን ይሰጠው ይባላል። ሰውየው ከአማካይነቱ ምን ይዞ እንደወጣና የጎደለውን የት ሄዶ እንደሞላ በዝርዝር ቢታይ ይህ ጥያቄ የሚነሳ አይመስለኝም። ዓመታቱን የጠቀስኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሎንሶ በ1981 ቶሎሳ በምትባል የባስክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፔሪኮ አሎንሶም አማካይ ነበር፤ በ1981 እና በ1982 ከሪያል ሶሲዳድ ጋር የስፔን ሻምፒዮን ሆኗል። ልጁ በዚያው ክለብ ጀምሮ ኤይባር በውሰት ከቆየ በኋላ ሲመለስ፣ ዌልሳዊው አሰልጣኝ ጆን ቶሻክ ገና በ19 ዓመቱ አምበል አደረገው። በ2002/03 ሶሲዳድ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ሊቨርፑል፣ ሪያል ማድሪድ፣ ባየርን ሙኒክ፤ ለስፔንም 114 ጨዋታ። ዋንጫዎቹን አንባቢ ስለሚያውቃቸው አልዘረዝራቸውም።

ሊታይ የሚገባው አጨዋወቱ ነው። ፈጣን አልነበረም፤ ሰው አታልሎ የሚያልፍም አልነበረም። ጉልበቱ ያለው ኳሷ እሱ ጋ ሳትደርስ ዙሪያውን አይቶ በመጨረሱ ላይ ነው። በጥር 2006 በኤፍኤ ካፕ የሉተን በረኛ ጎሉን ለቆ ወደፊት ወጣ፤ አሎንሶ ከራሱ ሜዳ አጋማሽ መትቶ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኒውካስል ላይም ከራሱ ሜዳ ደገመው። ሁለቱም ጊዜ በረኛው የት እንደቆመ ለማየት ኳስ ይዞ ቀና ቢል ኖሮ ጊዜው ባመለጠው ነበር። ስለ ሸርተቴ፣ ማለትም መሬት ላይ ተንሸራቶ ኳስ ስለ መንጠቅ፣ የተናገረውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ሸርተቴን እንደ ችሎታ እንደማይቆጥረው፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚወሰድ እርምጃ እንደሆነ ገልጾ ነበር። መሬት ላይ የሚወርድ አማካይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በፊት ቦታውን የሳተ ሰው ነው።

አለቆቹም ቀላል አልነበሩም። ራፋ ቤኒቴዝ፣ ሞሪንዮ፣ አንቼሎቲ፣ ጋርዲዮላ፤ በብሔራዊ ቡድን ደግሞ አራጎኔስና ዴል ቦስኬ። የጎደለው ምን ነበር? የተረዳውን ነገር ላልተረዳ ልጅ ማስረዳት። ይህ በጨዋታ ብዛት አይገኝም።

በ2017 ጫማ ሰቀለ። በ2018 የስፔን ፌዴሬሽን ለቀድሞ ተጫዋቾች ባዘጋጀው የአሰልጣኝነት ኮርስ ከራውልና ከዣቪ ጋር ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሥራው የሪያል ማድሪድ ከ14 ዓመት በታች ልጆች ነበሩ። የ13 ዓመት ልጅ ስምህን አይፈራም፤ ትእዛዙ ካልገባው በሁለተኛው ደቂቃ ልምምዱ ይበተናል። ቃል አሳጥሮ፣ ሜዳውን በኮን ከፋፍሎ፣ ራስ አሳይቶ ማስተማር የሚለመደው እዚያ ነው።

በ2019 የሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ያዘና ሦስት ዓመት ቆየ። በ2021 ቡድኑን ወደ ስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አስገባ፤ ክለቡ ይህን ካየ ወደ 60 ዓመት ሊጠጋው ነበር። በዚያው ዓመት ስሙ ከጀርመኑ ሞንሼንግላድባህ ጋር ሲነሳ ውሉን አራዝሞ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛ ቡድን ልምድ ያለው ተጫዋች አይገዛም፣ የበሰለውን ዋናው ቡድን ይወስድበታል፣ ተጋጣሚዎቹ ግን ለደመወዛቸው የሚጫወቱ ጎልማሶች ናቸው። በእጁ ካለፉት አማካዮች አንዱ ማርቲን ዙቢሜንዲ ነው። መውረዱን እንደ ነውር የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን በሥራ ታሪኩ ውስጥ ትልቁን ትምህርት ያገኘው በዚያ ዓመት ይመስለኛል።

በጥቅምት 2022 የጀርመኑን ክለብ ባየር ሌቨርኩሰንን ሲረከብ ቡድኑ በ8 ጨዋታ 5 ነጥብ ይዞ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበር። ሻልከን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁሉም ጨበጨበ፤ ወዲያው በፖርቶ 3 ለ 0፣ በፍራንክፈርት 5 ለ 1 ተሸነፈ። መጀመሪያ የነካው ኳስ ቅብብሉን ሳይሆን መከላከሉን ነው። ሦስት ተከላካይ ወደኋላ፣ መስመሩ ዝቅ ብሎ፣ ኳስ ሲገኝ በፍሪምፖንግና በዲያቢ ፍጥነት መልሶ ማጥቃት። ዓመቱን ስድስተኛ ሆነው ጨረሱ።

ቅብብሉ የመጣው በ2023 ክረምት አማካዩ ግራኒት ዣካና የመስመር ተጫዋቹ ግሪማልዶ ከገቡ በኋላ ነው። 3-4-2-1 የሚባለው አሰላለፍ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ሦስቱ ተከላካዮችና ሁለቱ አማካዮች ኳሷን ሲያወጡ አምስት ሰው ይሆናሉ። ቪርትዝና ሆፍማን በተጋጣሚ አማካዮችና ተከላካዮች መካከል ይቆማሉ፤ ፍሪምፖንግና ግሪማልዶ ሜዳውን በስፋት ይወጥሩታል። ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። ዣካ ሲቀበል ከ10 እስከ 15 ሜትር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው ሊያገኝ ይገባል። ይህ ርቀት 25 ሜትር ከሆነ ቅብብሉ ይቆረጣል፤ ይባስ ብሎም ኳስ ሲነጠቅ በቅጽበት ጫና የሚያደርግ ሰው በአካባቢው አይኖርም። አጭር ቅብብሉን ለውበት የሚመስላቸው ተመልካቾች ይህንን ልብ አይሉትም። ውጤቱ 28 ድል፣ 6 አቻ፣ 90 ነጥብ፣ ያለ ሽንፈት የጀርመን ሻምፒዮንነት ሆነ።

በሁሉም ውድድሮች 51 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄደው በግንቦት 2024 ደብሊን ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በጣሊያኑ አታላንታ 3 ለ 0 ወደቁ። አታላንታ ሜዳውን ሙሉ ሰው ለሰው ይዞ ለቅብብሉ በቅርብ የሚያስፈልገው ነጻ ሰው እንዳይገኝ አደረገ። እንዲህ ሲሆን መውጫው ረጅም ኳስ ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚይዝ አጥቂ ነው፤ አሎንሶ ግን እንዲህ ያለውን አጥቂ ቦኒፌስን ወንበር ላይ አስቀምጦ ጀመረ። የአታላንታው ሉክማን በ26 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አስቆጠረ። ስህተቱ የአሰላለፍ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ካይዘርስላውተርንን 1 ለ 0 አሸንፈው የጀርመንን ዋንጫ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የማድሪድ ጊዜው ለብቻው ደብዳቤ ይፈልጋል።

ታዳጊ ለሚያሠለጥኑ አንባቢዎቻችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያየነው አስቀድሞ የማየት ልማድ በልምምድ ይገኛል። አራት ልጅ በአራቱ ጎን እየተቀባበሉ፣ ሁለት ደግሞ ለመንጠቅ መሐል፣ ሜዳው 8 በ8 ሜትር፤ ኳስ የሚቀበለው ልጅ ትከሻውን ገልጦ በሩቁ እግሩ ይቀበል። ዞር ብሎ ማየት ያለበት ኳሷ ወደሚያቀብለው ልጅ እየሄደች ሳለ ነው፤ ኳሷ ወደ ራሱ ከተነሳች በኋላ ዞር ብሎ የሚያይ ልጅ ዘግይቷል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አሰልጣኙ ከጎን «ሰው አለ!» እያለ ይጮኻል፤ ልጁም ዓይኑን ትቶ ጆሮውን ይጠቀማል። ሁለተኛ፣ አቧራና ጉድጓድ ባለበት ሜዳ ኳስ ስለምትዘል የልጁ ዓይን ኳሷ ላይ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሜዳ ወደ 12 በ12 አስፉት፤ በአንድ ንክኪ ተጫወቱ አትበሏቸው፣ ሁለት ንክኪ ፍቀዱ።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ክለብ የቀድሞ ተጫዋች አሰልጣኝ አድርጎ ሲሾም ከጎል ብዛቱ ቀጥሎ ሁለት መረጃ ጨምሩልን፦ ከካፍ ደረጃዎች የትኛውን ላይሰንስ እንደያዘ፣ ሲ ነው ቢ ወይስ ኤ፤ እና ከዚህ በፊት የየትኛውን ዕድሜ ታዳጊ ለስንት ዓመት እንዳሠለጠነ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ