"ዶክተር፣ የህንድ ነው እንዴ?"

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በፋርማሲ ሥራ ቆይቻለሁ። አንድ ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው። ደንበኛው ፓኬቱን ተቀብሎ ያገላብጠዋል። በደቃቁ የተጻፈውን ለማንበብ ዓይኑን ያጠባል። ከዚያ ቀና ይልና "ዶክተር፣ የህንድ ነው እንዴ? የጀርመን የላችሁም?" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ጥያቄው ግን ይገባኛል። ሰው ለታመመ ወገኑ ጥሩውን ነው የሚፈልገው።

አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጥያቄ ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለ ድርድሩ በጋዜጣም በሬዲዮም የሚባለውን እከታተላለሁ። አንድ ሐሳብ ሲደጋገም እሰማለሁ፤ የፓተንት ሕጋችንን፣ ማለትም ፈጠራን ለተወሰነ ዓመት ባለቤቱ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያደርገውን ሕግ፣ ካላጠበቅን ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ፊታቸውን ያዞሩብናል የሚል። በሌላው ዘርፍ እውነት ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት ጉዳይ ግን ከመፈረማችን በፊት ደንበኞቼ የሚጠራጠሯትን ህንድን እንይ እላለሁ።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ፣ በመድኃኒት ላይ ፓተንት የምትሰጠው ለተሠራበት መንገድ ብቻ ነበር። ለመድኃኒቱ ለራሱ አትሰጥም። አንድ የህንድ ፋብሪካ ያንኑ መድኃኒት በሌላ መንገድ መሥራት ከቻለ ማንም አይከለክለውም። የአውሮፓና የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህን አልወደዱትም። ህንዶቹ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠሩበት፣ ተማሩበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የሙምባዩ የመድኃኒት ኩባንያ ሲፕላ የአንድ የኤችአይቪ ታማሚን የዓመት መድኃኒት በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ተነሣ። የባለፓተንቶቹ ዋጋ ያኔ በዓመት 10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ነበር።

ያንን ዘመን በንባብ ብቻ አይደለም የማውቀው። በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። መድኃኒቱ ገና በክፍያ ነው። አንዲት እናት በየወሩ ለልጃቸው ሊወስዱ ይመጡ ነበር። ብሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል። አንድ ቀን ቆጥረው ሲጨርሱ ጎደለ። "የኔ ልጅ፣ የአሥራ አምስት ቀኑን ብቻ ስጠኝ፤ ለቀሪው እግዜር ያውቃል" አሉኝ። ይህ መድኃኒት ተቆራርጦ የሚወሰድ አይደለም፤ ቫይረሱ ይለምደዋል። ነገርኳቸው። እሳቸውም ያውቁታል። ብሩ ግን የለም። በ1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እኚያ እናት መምጣት አቁመው ነበር። ፈልጌ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በነጻ የተሰጠው ለጋሾች ገንዘብ ስላወጡ ነው። ያ ገንዘብ ለብዙ ሰው የተዳረሰው ደግሞ ዋጋው ስለወረደ ነው። ዋጋውን ያወረደው ከህንድ የመጣው ውድድር ነው።

ህንድ ራሷ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ናትና እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመድኃኒቱ ለራሱም ፓተንት መስጠት ግድ ሆነባት። ሕጉን ስታሻሽል ግን አንድ ነገር አጥብቃ ያዘች። የታወቀ መድኃኒት ቅርጹ ስለተለወጠ ብቻ እንደ አዲስ አይመዘገብም፤ ፈዋሽነቱ መጨመሩ መታየት አለበት። የስዊዘርላንዱ ኖቫርቲስ ከዚህ ድንጋጌ ጋር ተጋጨ። ግሊቬክ የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒቱ ትልቅ ግኝት ነው። ሞት ይፈረድባቸው የነበሩ ሰዎች ክኒን እየዋጡ ሥራቸውን እንዲሠሩ አድርጓል። ህንድ ውስጥ ፓተንት የጠየቀው ግን ቀድሞ ለሚታወቀው ንጥረ ነገር አዲስ የክሪስታል ቅርጽ ነበር። የፓተንት ቢሮው በ2006 ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ክርክሩ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ በኤፕሪል 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቫርቲስ ላይ ፈረደ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተራው የጀርመኑ ባየር ነበር። ኔክሳቫር የተባለው የኩላሊትና የጉበት ካንሰር መድኃኒቱ ለአንድ ወር ወደ 280,000 ሩፒ ይሸጥ ነበር። የህንድ ፓተንት ቢሮ ፓተንቱን አልሰረዘም። ናትኮ ለተባለ የአገሬው ፋብሪካ ግን ያንኑ መድኃኒት ሠርቶ በ8,800 ሩፒ እንዲሸጥ ፈቀደ። ለባየር ከሽያጩ 6 በመቶ እንዲከፈለው አዘዘ፤ በኋላ ወደ 7 ከፍ ብሏል። ይህ የግዴታ ፈቃድ ይባላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ራሱ የሚያውቀው መብት ነው።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ጥለው ሄዱ? ተቆጥተዋል፣ ከስሰዋል፣ ህንድ ፈጠራን ታዳክማለች ብለዋል። ግን አልሄዱም። ኖቫርቲስ ዛሬ ሃይደራባድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት። አሠራራቸው ግን ተለወጠ። የአሜሪካው ጊልያድ በአገሩ አንዱን የጉበት ቫይረስ ክኒን በ1,000 ዶላር ሲሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለህንድ ፋብሪካዎች ራሱ ፈቃድ ሰጠ። በርካሽ ሠርተው ለ91 አገሮች እንዲሸጡ ተስማማ። ፓተንቱ ያኔ ህንድ ውስጥ ተቃውሞ ቀርቦበት ነበር። እኔ ሁለቱን አያይዤ ነው የማየው፤ ሕጉ ጥርስ ባይኖረው ኩባንያው ለድርድር የሚቀመጥ አይመስለኝም።

ለኩባንያዎቹ የማዝን አይመስል ይሆናል። አዝናለሁ። ምርምር ገንዘብ ይፈጃል፤ ዓመታት ለፍቶ ባዶ እጅ መቅረትም አለ። በአንድ ነገር ደግሞ ከጎናቸው ቆሜ እከራከራለሁ፤ በንግድ ምልክት ጉዳይ። አንድ ጊዜ አንድ አቅራቢ ያመጣልኝ ካርቶን ላይ የታወቀ መድኃኒት ስም ነበር። ቀለሙ ያው፣ አጻጻፉ ያው። ስትሪፑን አውጥቼ ሳየው ከስሙ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። የባች ቁጥሩም በጥፍር ሲነካ ይለቃል። መለስኩለት። ሌላ ቦታ ወስዶ ሸጦት ይሆናል ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ያለውን ሕጉ ያለ ርኅራኄ ይቅጣው። የንግድ ምልክት አዋጁ፣ ቁጥር 501/1998፣ አለን፤ ይሠራበት። የኩባንያው ስም ሲጠበቅ የሚጠበቀው በሽተኛውም ነው። ሐሰተኛ መድኃኒትና ጄኔሪክ መድኃኒት (ያንኑ ንጥረ ነገር ይዞ ሌላ ፋብሪካ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራው) ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ወደ ድርድሩ ልመለስ። የእኛ የፓተንት አዋጅ፣ ቁጥር 123/1987፣ 15 ዓመት ይሰጣል። ፈጠራው እዚሁ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨምራል። ድርጅቱ የሚጠይቀው 20 ዓመት ነው። ሆኖም ድርጅቱ ራሱ ለድሃ አባል አገሮች የመድኃኒት ፓተንትን ሥራ ላይ እንዳያውሉ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2033 እፎይታ ሰጥቷል።  ችግሩ፣ አዲስ ገቢ አገር በድርድር ላይ ይህን እፎይታ በገዛ እጁ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ስትገባ የአእምሯዊ ንብረት ደንቡን በ2007 ሥራ ላይ አውላለሁ ብላ ፈርማለች። ያኔ ሌሎቹ ድሃ አገሮች ለመድኃኒት እስከ 2016 ጊዜ ነበራቸው።

ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲከማቹ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተናል። እዚያ የሚገባ ሰው ምን መሥራት እንደሚፈቀድለት የሚወስነው ይኸው ፊርማ ነው። ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር እለምናለሁ። ተደራዳሪዎቻችንን ስታገኙ ስለ ታሪፍና ስለ ባንክ ብቻ አትጠይቁ። የመድኃኒት ፓተንት ላይ ምን ቃል እንደገባን፣ የ2033ቱን እፎይታ ይዘን እንደምንገባ ወይም እንደማንገባ፣ የግዴታ ፈቃድ በሕጋችን ውስጥ እንዳለ እንደሚቀጥል ጠይቁልንና መልሱን አትሙት። እኔም ቆርጬ መደርደሪያዬ ላይ እለጥፈዋለሁ። "የህንድ ነው እንዴ?" የሚለኝ ደንበኛ እስክመጣለት ቆሞ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት
አዲስ አበባ