ተማሪዎቻችን ለምን ዝም አሉ? ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ አንድ አከራካሪ ጥያቄ አነሳሁ። 40 ያህል ተማሪ ነበር፤ አንድም እጅ አልወጣም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግን ሦስት ተማሪዎች ተራ በተራ ቢሮዬ መጡ። የሁለቱ ሐሳብ እንዲያውም ፊት ለፊት የሚጋጭ ነበር። ምን የመሰለ ክርክር አመለጠን! አንዷን «ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «አንዱ በስልኩ ይቀዳኛል፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ይለቀኛል» አለችኝ።

ይህ መልስ እስካሁን አልወጣልኝም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጋፈጡት አስተዳደሩን ነበር። ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ለፖለቲካ ዓላማ መቀስቀስ ተከልክለው ነበርና። 800 ገደማ ሰው ታሰረ፤ በኋላ ግን ክልከላው ላላ። ዛሬም አስተዳደር የሚያፍናቸው ተማሪዎች በየአገሩ ሞልተዋል። የእኔዋ ተማሪ የፈራችው ግን አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ ነው።

«የመናገር ነፃነትን ትደግፋላችሁ?» ስላቸው ሁሉም እጁን ያወጣል። «የሚያስቀይማችሁ ሰው ግቢ መጥቶ ይናገር?» ስል ብዙው እጅ ይወርዳል። አልፈርድባቸውም። በማንነቱ ሲሰደብ ያደገ ልጅ «ቻለው» ቢሉት አይገባውም፤ ቁስሉ የእሱ ነው። ግን አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ፣ አንቀጽ 19፣ ስለ ተናጋሪው ብቻ አያወራም። ሐሳብን መፈለግና መቀበልም መብት ነው ይላል። ተናጋሪው ሲባረር ሊሰማው፣ ሊጠይቀውና አፉን ሊያስይዘው የመጣው ተማሪም መብቱን ያጣል። ይህን ስላቸው ትንሽ ያስባሉ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ከእርስዎ የምፈልገው ደንቡን ነው። ብዙ የዲሲፕሊን ደንቦች «ስሜት የሚጎዳ ንግግር» ብለው ያልፋሉ። የማንን ስሜት? ምን ያህል? ዛቻና አንድን ሰው እየተከታተሉ ማስጨነቅ በግልጽ ይከልከል፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። የሚያናድድ ሐሳብ ግን በዚያ ውስጥ አይቆጠር። ተማሪም ሆነ መምህር፣ ክስ ስለቀረበበት ብቻ፣ ሳይሰማ አይታገድ። የክፍል ውይይትን ያለ ፈቃድ ቀርጾ፣ ቆራርጦ መልቀቅም ደንብ ይውጣለት። አካል ጉዳት ኖሮበት ትምህርቱን መቅዳት የሚያስፈልገው ተማሪ እንዳይጎዳ ግን አደራ።

ደንቡን ስታረቅቁ ተማሪዎቹን ጥሩ። በአዳራሽ ሰብስባችሁ ማይክ ብትሰጧቸው አይናገሩም፤ በትንንሽ ቡድን አነጋግሯቸው።

ያቺ ተማሪ የምትመረቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ድምጿን መስማት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር