ከኦክላሆማ ለወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? ከተጠፋፋን ስንት ዘመን ሆነን! እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጅህ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚትዎሮሎጂ እንደደረሳት ሰማሁ። እሷ ግን «ዝናብ ይመጣል አይመጣም ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት?» እያለች ከፍቷታል አሉ። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

እዚህ ኦክላሆማ ሲቲ ሰማዩ ካልከፋ በቀር ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ይሞከራል። ለቶርኔዶ ነው፤ እየተሽከረከረ ያገኘውን ሁሉ ለሚጠርገው ብርቱ አውሎ ነፋስ። ዛሬ ሕፃን እንኳ ሳይረኑን ሲሰማ ወዴት እንደሚሸሽ ያውቃል። ድሮ ግን ቶርኔዶ ይመጣል ብሎ ለሕዝብ የሚናገር አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትንበያ ቢሮ «ሕዝቡ ይሸበራል» በሚል ቃሉን ከትንበያ ያርቀው ነበር።

ይህን የሰበሩት ሁለት የአየር ኃይል መኮንኖች ናቸው፤ ሻለቃ ኧርነስት ፎብሽና ሻምበል ሮበርት ሚለር። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1948 ማታ ሚለር እዚሁ ከተማ ዳር ባለው የቲንከር ጦር ሰፈር ተረኛ ነበር። የዚያን ሌሊት ትንበያ ነፋስ እንጂ ነጎድጓድ እንኳ የለበትም። ቶርኔዶው መጥቶ ሜዳ ላይ የቆሙትን አውሮፕላኖች ሰባበረ። ጉዳቱ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ የድሮ ቶርኔዶዎችን ካርታ እያወጡ ማመሳከር ያዙ። ደጋግመው ያገኙት ይህን ነው፦ ከሥር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከላዩ ደረቅ አየር፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ አቅጣጫውን የሚቀይር ብርቱ ነፋስ። ማርች 25 ጠዋት ካርታው ያንኑ አሳየ። በአምስት ቀን ውስጥ እዚያው ቦታ ሁለት ጊዜ? ማን ያምናል? የሰፈሩ አዛዥ ጄኔራል ግን ቶርኔዶ ትተነብያላችሁ ወይ ብለው ፊት ለፊት ጠየቋቸው። ትንበያውን አወጡ። አውሮፕላኖቹ ሃንጋር ገቡ፣ ሰዎች ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ወረዱ። ሚለር ትንበያው የከሸፈ መስሎት ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ሄደ። ቶርኔዶው ትንበያው ከወጣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰፈሩን መታው። ሚለር ወሬውን የሰማው ከሬዲዮ ነው! ንብረት ቢወድምም ሰው አልተጎዳም።

እኔን ግን ይበልጥ የሚነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትንበያው ለጦር ሰፈሮች ብቻ ነበር። አጥር ውስጥ ያለ አውሮፕላን ሲጠነቀቅለት፣ ከአጥሩ ውጭ የሚኖር ገበሬ ምንም አያውቅም። ይህ እንዴት ይሆናል? ሰው ሲሰማ ለእኛስ ብሎ ጠየቀ። በ1950 የመንግሥት የትንበያ ቢሮው ክልከላውን አነሳ፤ በ1952 ለሕዝብ መተንበይ ጀመረ። ያን ሥራ የወረሰው ማዕከል ዛሬ ከእኛ ብዙም በማይርቀው ኖርማን ከተማ ነው ያለው። ሚለርም በሙያው ገፍቶበት በ1967 ያዘጋጀው መመሪያ ብዙ ትንበያ ሠሪዎችን አስተምሯል።

ልጅህ ይህን ትወቅ። የእኛ አገር ገበሬም በልግ ይገባል አይገባም ብሎ ሰማይ እያየ ነው የሚዘራው። ጎርፉም ድርቁም አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። እሷ ያንን ሰው ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ!

ስልኬን ስጣት፤ ማታ ማታ እቤት ነኝ። ስለ ትምህርቱ የምትጠይቀኝ ካለ እዚህ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄ እነግራታለሁ። አንተም ጻፍልኝ። ለባለቤትህና ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ